ምንም ቃል ያልተገባለት ደም

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ዳማ ሲጫወት የሚውል ሰው «ይሄ ምን ይጠቅማል?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ኳስ ተመልካቹንም ማንም አይጠይቀውም። ሰርግ ላይ ማይክ ጨብጦ አልለቅም ያለውን ሰውዬማ ጭራሽ እናጨበጭብለታለን። አንዲት ሴት ግን ቁጭ ብላ «ሴል ውስጥ ያለ ፕሮቲን እንዴት እንደሚፈርስ ማወቅ እፈልጋለሁ» ካለች አገሩ ሁሉ ይነሳባታል። ምን ይጠቅማል? ለማን ይጠቅማል? መቼ ይጠቅማል?

እኔ ጋዜጠኛ ነኝ። ረጅም ጊዜ ስለሠራሁ ማዘንም መደሰትም ሥራ ሰዓት ላይ ትቻለሁ። የማወራችሁ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ነው።

ዶክተር ብርቄን ያወቅኋት ከጎንደር ወደ መተማ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ዶክተር መሆኗን ያኔ አላውቅም። የማውቀው አጠገቤ የተቀመጠች ቀጭን ሴት ሰማያዊ የበረዶ ሣጥን ጭኗ ላይ አቅፋ ለማንም አላስነካ ማለቷን ብቻ ነው። ከኋላችን ያሉ ሴትዮ «እርጎ ነው ልጄ?» አሏት። አይደለም አለች። «ዓሣ ነዋ!» አሉ። እሱም አይደለም። ፍተሻ ላይ ስንደርስ ፈታሹ ክፈቺ አላት፤ ከፈተች። በረዶ። ከበረዶው ሥር ባዶ ብልቃጦች። ፈታሹ ላቡን ጠረገና «ወደ መተማ በረዶ?» አላት። አዎ አለች። «ለምን?» ቢላት «ስመለስ ደም ይዤ ስለምመለስ» አለችው።

እኔ ብሆን «የሕክምና ዕቃ ነው» ብዬ እገላገል ነበር። ውሸትም አይደለም። እሷ ግን የተጠየቀችውን መለሰች፤ በዚህ የተነሳ ሁላችንም ወርደን ፀሐይ ላይ ቆምን። ወረቀቷ ተነበበ፣ ስልክ ተደወለ፣ ወረቀቷ እንደገና ተነበበ። ተሳፋሪው በሙቀት ሲቀቀል «ከበረዶው ትንሽ ቆርሰሽ ስጪን» ብሎ ለመናት። «ሣጥኑ ከተከፈተ ይቀልጣል» ብላ እምቢ አለች። ተመልሰን ስንሳፈር ከእኔ በቀር የሚያናግራት ሰው አልነበረም። እኔም ያናገርኋት ወሬ ፍለጋ እንጂ አዝኜላት አይደለም።

ሥራዋን ነገረችኝ። እያንዳንዱ ሴል ፕሮቲን ይሠራል፤ የሠራውን ደግሞ ያፈርሳል። ያረጀው፣ ተጣሞ የተሠራው፣ ተግባሩን የጨረሰው ፕሮቲን ላይ ትንሽ ምልክት ይለጠፍበታል። ምልክት ያለበት ወደ አንድ በርሜል መሰል ነገር ይገባል፤ ስሙ ፕሮቲያዞም ይባላል። እዚያ ውስጥ ይቆራረጣል። አብዛኛው ቁርጥራጭ ሌላ ፕሮቲን ይሠራበታል። ጥቂቱን ደግሞ ሴሉ ወደ ውጭ አውጥቶ «ውስጤ ያለው ይሄ ነው» ብሎ ለሰውነት ጠባቂዎች ያሳያል። ባዕድ ነገር ገብቶ ከሆነ ጠባቂዎቹ በቁርጥራጩ ያውቁታል።

ከፊት የተቀመጠ የመለዋወጫ ነጋዴ ጆሮውን አዋሰን ኖሮ ዞሮ «ገባኝ! ገንዳ ውሃ ጋራዥ ውስጥ የሞተ ትራክተር ለዕቃው ብለው እንደሚፈቱት ነው» አላት። ጥሩ ምሳሌ ነበር። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። እሷ ግን «አባቴ ትራክተር ነጂ ነበር፣ የሽንፋ ልጅ ነኝ» አለችው። «ትራክተር ራሱን ሲፈታ ግን አላየሁም። ሴል ራሱን ነው የሚፈታው፤ ያውም እየሠራ።» ሰውዬው ቀስ ብሎ ወደ ፊቱ ዞረ። እኔም ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩትን ሰረዝኩ።

ለዚህ መተማ ድረስ ምን አስመጣት? ካላዛር። ቆላ የኖረ ሰው ካላዛርን ማስተዋወቅ አያስፈልገውም፤ ለደገኛ አንባቢ ያህል ግን ልበል። የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው በሽታ ነው። ዝንቧ በዋልካው መሬት ስንጥቅና በግራሩ ሥር ትኖራለች። በሽታው ሰውን ያተኩሳል፣ ያከሳል፣ ጣፊያውን ያሳብጣል፤ በጊዜ ካልታከመ ይገድላል። በብዛት የሚያገኘው ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የወቅት ሠራተኛ ነው፤ ግራሩ ሥር የሚያድረው እሱ ነዋ።

«ሁለት ሰዎች አንድ ግራር ሥር ያድራሉ» አለችኝ ብርቄ። «ዝንቧ ሁለቱንም ትነክሳለች። አንዱ ታሞ ይወድቃል፤ ሌላው ሰሊጡን አጭዶ፣ ዘፍኖ፣ አገሩ ይገባል። ለምን?» ለምን አልኳት። የበሽታውን ተሕዋስ ፕሮቲን የሁለቱ ሰዎች ሴል የሚቆራርጥበት መንገድ የተለያየ ሊሆን እንደሚችል ትጠረጥራለች። ታውቂያለሽ ወይስ ትጠረጥሪያለሽ ብዬ ጠየቅኋት። «እጠረጥራለሁ። አላውቅም» አለች፤ ቅንጣት እፍረት ሳይታይባት። በዚህ ሙያ ብዙ ባለሥልጣን፣ ብዙ ባለሙያ አነጋግሬያለሁ። «አላውቅም» የሚል መልስ ከቀረጻዬ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙም።

እንግዲህ ይሄ «አላውቅም» ነው ሸሕዲም በምትባለው ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ጣጣ ያመጣው።

ብርቄ የወቅት ሠራተኞችን ተከትላ እርሻ ለእርሻ እየዞረች ደም ለመሰብሰብ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋታል። ደሙ የሚመረመርበት ላብራቶሪ የሰጣት ጊዜ የዚህ መኸር ብቻ ነው፤ ዘንድሮ ካለፋት ቦታው ለሌላ ተመራማሪ ይሰጣል። ደብዳቤውን የሚፈርሙት አቶ ጓዴ የሚባሉ ኃላፊ ናቸው። የየትኛው ቢሮ እንደሆነ ይቅር፤ ገንዳ ውሃ ቢሮ ብዙ ነው። ቅጹን ሞልታ ሰጠቻቸው፤ እኔም ወሬ ፍለጋ ተከትያት ገብቻለሁ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ አውልቀው ጠረጉት፣ መልሰው አነበቡ። «ለኅብረተሰቡ የሚያስገኘው ጥቅም» በሚለው ፊት ለፊት «ለጊዜው የለም» ብላ ጽፋለች።

«ልጄ፣ ይሄን ተሳስተሽ ነው?» አሏት።

«አልተሳሳትኩም ጋሽ ጓዴ።»

«እሺ ‹የካላዛር መድኃኒት ያስገኛል› እንበለው።»

«ያስገኝ እንደሆነ አላውቅም።»

«ማንም አያውቅም እኮ! ሁሉም ግን ይጽፋል። ያለፈው ዓመት የመጡት ምን ብለው እንደጻፉ ላሳይሽ?»

«እርስዎ መጻፍ ይችላሉ። እኔ አልፈርምበትም።»

አቶ ጓዴ ክፉ ሰው አይደሉም። ከበላያቸው አለቃ አለ፤ አለቃው ሪፖርት ይፈልጋል፤ ሪፖርት ላይ «የለም» የሚባል ቃል አይገባም። ወደ እኔ ዞረው «አንተ ጋዜጠኛ፣ እስቲ ምከራት» አሉኝ። ምክር ሥራዬ አይደለም አልኳቸው። በመጨረሻ በንዴት ይሁን በጀብድ እንጃ፣ ውል አቀረቡ። ሠራተኛው ሸሕዲ የሚቆየው ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ በየእርሻው ይበተናል። «በዚህ አፍሽ በሦስት ቀን ስልሳ ሰው ካገኘሽ እፈርማለሁ። ካላገኘሽ እነሱ ወደ ሰሊጡ፣ አንቺ ወደ ጎንደር።» ደግነታቸውም አልቀረ፤ በመጀመሪያው ቀን ራሳቸው መጥተው ሊቀሰቅሱላት ቃል ገቡ።

ኧረ ባይመጡ ይሻል ነበር።

የሸሕዲን የሠራተኛ ገበያ አይታችሁት ከሆነ ታውቁታላችሁ። ሰዉ አጎበሩን ጠቅልሎ፣ ማጭዱን አቅፎ መንገድ ዳር ይቀመጣል። የእርሻ ባለቤቶች ወኪሎች ይመጡና ይጣራሉ። ሠራተኛው የወኪልን ንግግር የሚሰማበት የራሱ መንገድ አለው። ወኪሉ «ጥላ አለ» ካለ ዛፉ ለከሰል ተቆርጧል ማለት ነው። «ውኃው ቅርብ ነው» ካለ ለበርሜሉ ነው እንጂ ለጠጪው አይደለም። «ሰሊጡ ቀላል ነው» ካለ አረም ውጦታል። «ወጡ ዘይት አለው» ካለማ ማጭድን አንሥቶ ወደ ሌላው የመንገድ ዳር መሻገር ነው። አንድ ጊዜ አንድ ወኪል ቆሞ «ውኃው ይሸታል፣ ሣሩ እስከ ወገብ ነው፣ እኔም ቁጡ ነኝ፣ ተማም፣ ተስማማን?» ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። የትራክተሩ ተሳቢ ወዲያው ሞላ። ለምን ብዬ አንዱን ብጠይቀው «የቀረ ጉድ የለውማ» አለኝ።

ታዲያ አቶ ጓዴ መሐል ገበያ ቆመው ሜጋፎን አነሡ። «የተከበራችሁ ሠራተኞች! ነጻ ምርመራ! ካላዛርን ከሥሩ የሚነቅል ምርምር! ለጤናችሁ ዋስትና!» አሉ። ወዲያው አጠገቤ የተቀመጠው ሰው አጎበሩን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠና ተነሣ። ሁለተኛው ተከተለው። አቶ ጓዴ ሰዉ ሲሸሽ ያልሰማ መሰላቸውና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ብስኩትም አለ!» ሲሉ የቀረውም ሄደ። ያን ቀን ሁለት ሰዎች ወደ ብርቄ ጠረጴዛ መጡ። አንደኛው ሽንት ቤት የት እንደሆነ ጠየቀ። ሁለተኛው ብስኩቱን ጠየቀ።

በማግሥቱ ብርቄ ሜጋፎኑን ከአቶ ጓዴ እጅ ወሰደችው።

«ብርቄ እባላለሁ፣ የሽንፋ ልጅ ነኝ። ደም እፈልጋለሁ። ክንዳችሁን መርፌ ይወጋችኋል። ለእናንተ ምንም አይጠቅማችሁም። መድኃኒት አይደለም፣ ክትባትም አይደለም። ሴላችሁ ፕሮቲን እንዴት እንደሚያፈርስ ማየት ፈልጌ ነው። ምን እንደማገኝ አላውቅም። አልፈልግም ያለ አይገደድም።»

አንድ ሰው ተነሣ። ሌላ ተነሣ። ከዚያ ሰልፍ ሆነ፤ ሰልፉ ጠረጴዛውን አልፎ፣ ሻይ ቤቱን አልፎ፣ ጎማ ጠጋኙ ጋ ደረሰ። ስልሳ አይደለም፣ ሰማንያም አያንስም። አቶ ጓዴ ሰልፉን በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። እኔም እንደ ማንኛውም ሞኝ ማስታወሻዬ ላይ «እውነት አሸነፈች» ብዬ ጻፍኩ። ርዕሴንም አገኘሁ ብዬ ነበር።

ምን ዋጋ አለው፣ ጋዜጠኛ መጠየቅ ይወዳል። ሰልፉ መሐል ያለ ከጎጃም የመጣ ወጣት አጠገብ ቆሜ ለምን እንደተሰለፈ ጠየቅሁት። አካባቢውን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ጋሼ፣ ትልቅ ነገር ይዛለች» አለኝ። እንዴት አወቅህ አልኩት። «እንዲህ አድርጋ የምታጣጥለው ለዘመዶቿ ልታስቀረው ብላ ነዋ! ደህና ነገር መቼ በሜጋፎን ተለፍፎ ያውቃል?» ከኋላው ያለው ደግሞ ክትባት ነው አለ። ቀጥሎ ያለው የውጭ አገር ሥራ ምዝገባ ነው፣ ደሙ የሚቀዳው ለጤና ማረጋገጫ ነው አለ። ሰማንያው ሰው የብርቄን ንግግር አንድም ሳይቀር ሰምቷል። አንድም ሳይቀር ገልብጦ ሰምቷል።

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ስልሳ ሰው ከፊቷ ቆሟል፤ ደብዳቤው ይፈረማል፤ ማንም አይጎዳም። ሁለት ስንጥር ጥርሴ ውስጥ ሰብሬ አሰብኩበት። ከዚያ ሄጄ የሰማሁትን ነገርኳት።

አቶ ጓዴ ክንዴን ጨበጡ። «አንተ ሰው ሰልፉን አታፍርስብኝ!»

ብርቄ ደም ለመቅዳት አብራት የተቀመጠችውን ነርስ «ቆዪ፣ እንዳትወጊ» አለቻት። ተነሥታ ወደ ሰልፉ ሄደች። እያንዳንዱን «ይሄ ደም ለአንተ ምን ይጠቅምሃል?» እያለች ጠየቀች። ክትባት ያለውን አሰናበተች። ሥራ ያለውን አሰናበተች። «አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ የጠቀሳትንም አሰናበተች። ሰዉ ተቆጣ። «ስንት ወንድምና እኅት አለሽ? ለነሱ ነው አይደል!» ብሎ አንዱ ጮኸባት። «አራት» አለችው፤ «እነሱም አያገኙም።» በዚያን ቀን የቀሩት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ።

ሦስተኛው ቀን ሲነጋ የተባረሩት ተመልሰው መጡ። ያ የጎጃም ወጣት ሰልፉ ራስጌ ቆሞ መልስ ያስጠናል! «ምን ይጠቅምሃል ስትልህ ‹ምንም› በል። አትሳቅ። ከሳቅክ ትነቃለች።» እውነቴን ነው፤ ሰዉ አንድ በአንድ እየቀረበ እንደ ጸሎት «ምንም፣ ምንም» ይል ጀመር። አቶ ጓዴ ደስ አላቸው። «ይኸው! ገባቸው!» አሉ።

ብርቄ ግን ጥያቄውን ቀየረችው። «ደም ሰጥተህ ሄድክ እንበል። በወሩ ትኩሳት ቢይዝህ ወዴት ትሄዳለህ?» አስጠኚው ይሄን አላስጠናም። «ወደ አንቺ ነዋ!» አለ የመጀመሪያው። ወደቀ። «ምን አስቸገረኝ፣ ደሜን ሰጥቻለሁ፣ አይዘኝም» አለ ሁለተኛው። እሱም ወደቀ። «ጤና ጣቢያ» ያለ አለፈ። አስጠኚው ወጣት ራሱ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ በአራተኛው ተቀምጣ አንድ ሰዓት አስረድታው፣ ገብቶት፣ «እንዲህ ከሆነማ አልሰጥም» ብሎ ሄደ። «ይሄኛው በደንብ ነው የገባው» አለችኝ ብርቄ። ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሣጥኑ ውስጥ የነበረው የሃያ ሁለት ሰው ደም ነው። ተሳቢዎቹ ሠራተኛ ጭነው ወደ እርሻ መንቀሳቀስ ጀምረዋል። የመጨረሻው ሰው ጋሽ ይመር የሚባሉ፣ ከወሎ የመጡ፣ ሃምሳውን ያለፉ ሰው ናቸው። ማጭዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ቁጭ አሉ። ብርቄ ምን ይጠቅምዎታል አለቻቸው።

«ኧረገኝ፣ ምን ሊጠቅመኝ! አንቺ ልጅ፣ እኔና ወንድሜ ሦስት ዓመት አብረን ወርደናል። አንድ ግራር፣ አንድ አጎበር፤ አጎበሩም ቀዳዳ ነበር። እሱን በሽታው ወሰደው፤ እኔን ትኩሳት እንኳ ሳይነካኝ ተወኝ። ለምን?»

«አላውቅም ጋሽ ይመር።»

«እሱን ነው የምልሽ። ሼኩም ነገሩኝ፣ ጠንቋዩም ነገረኝ፣ ጎረቤቱም ነገረኝ፣ ሚስቱ ደግሞ እኔን ጠረጠረችኝ። ሁሉም ያውቃል ወላሂ! አላውቅም ብሎ የሚፈልግ ሰው ሳይ አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ። እንቺ፣ ቅጂው።» ክንዳቸውን ዘረጉ። ትኩሳት ቢይዝዎትስ አለቻቸው። «ጤና ጣቢያ። ያንንማ በወንድሜ ተማርኩ።»

ሃያ ሦስት ሆነ።

ስልሳ አልሞላም። አቶ ጓዴ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይሄን ሁሉ ሰምተዋል። ጋሽ ይመር ተነሥተው ወደ ተሳቢው ሲሄዱ በዓይናቸው ሸኟቸው። ከዚያ ምን እንዳሰቡ እንጃ ተነሥተው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉና እጀታቸውን መጠቅለል ያዙ። «ሃያ አራት አድርጊው። ሠላሳ ዓመት ቆላ ኖሬያለሁ፣ አንድ ቀን አልታመምኩም» አሏት። ነርሷ ጎማውን ክንዳቸው ላይ አሰረች።

«ጋሽ ጓዴ፣ ይሄ ደም ለእርስዎ ምን ይጠቅምዎታል?»

አቶ ጓዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንገታቸው ቀና፣ ደረታቸው ነፋ አለ። «ለአካባቢያችን ኅብረተሰብ ጤና መሻሻል፣ እንዲሁም በዘርፉ ለሚደረገው ሁለንተናዊ ርብርብ ጉልህ አስተዋጽኦ...»

ብርቄ በእጇ ምልክት ሰጠች። ነርሷ ጎማውን ፈታችው።

«አላለፉም» አለቻቸው።

ሃያ ሦስት ደም፣ ያልተፈረመ ደብዳቤ፣ ፈራሚውን ደግሞ በሰው ፊት ጣለችው። አለቀላት ብዬ ማስታወሻዬን ዘጋሁ። አቶ ጓዴ ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀላ። እጀታቸውን አወረዱ፣ ቁልፉን ቆለፉ፣ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ደብዳቤውን ከነቅጹ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። «ለጊዜው የለም» የሚለውን አንድ ጊዜ አነበቡት፤ ሳይነኩት ከሥሩ ፈረሙ። ማኅተሙን ሲመቱት ወንበሩ ተንቀጠቀጠ።

ብርቄ ወረቀቱን ተቀብላ አመስግና ሣጥኗን አቅፋ ተሳቢው ላይ ወጣች። የቀሩትን ሠላሳ ሰባቱን በየእርሻው ልትፈልግ ነው፤ ማንም ቢከፋው፣ ማንም ቢስቅባት። እስካሁን ምን አገኘች ካላችሁኝ ምንም አላገኘችም፤ ገና እየፈለገች ነው።

አቶ ጓዴን ለምን ፈረሙ ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔን የጣለች ሴት ማንን ልታታልል ነው?» አሉኝ። ወደ ቢሯቸው የሚወስዳቸውን ባጃጅ አስቁመው አንድ እግራቸውን ካስገቡ በኋላ ግን ተመለሱ። ግራ ቀኙን አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣

«ትክክለኛው መልስ ግን ምን ነበር?» አሉኝ።